በየቀኑ አንድ ፎቶ፦ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን እንዴት ይዘለቃል?

በየቀኑ አንድ ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ የወሰንኩት መስከረም 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ኅዳር ላይ ቆመ። አንድ ማክሰኞ አምሽቼ ገባሁ፣ ደክሞኝ ተኛሁ፣ በነጋታው "አንዴ ከተቋረጠማ ምን ዋጋ አለው?" ብዬ ተውኩት። በ2014 እንደገና ጀመርኩ፤ እስከ ዛሬ አለሁበት። ስልኬ ያው ነበር፣ ከተማዬም ያው አዲስ አበባ ናት። ልዩነቱ፣ ሁለተኛው ላይ ሥራውን በጣም አሳንሼ መጀመሬ ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን የማሳነስ መንገድ ነው። ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ደህና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ፣ አንድ ደብተርና አንድ ፍላሽ ይበቃል። ካሜራ ያላችሁ ተጠቀሙበት። ግን በየቀኑ ይዛችሁት የማትወጡ ከሆነ፣ ለዚህ ሥራ ስልኩ ይሻላችኋል።

1. ደንቡን በሦስት መስመር ጻፉ

ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደንባችሁን ጻፉ። የኔ ይሄ ነው፦ "በቀን አንድ ፎቶ። በዚያው ቀን የተነሳ። ባያምርም ይቀመጣል።" ሥራውን የሚያቆየው ሦስተኛው መስመር ነው። እሱ ከሌለ በሁለተኛው ሳምንት "የዛሬው አይረባም" ማለት ትጀምራላችሁ፤ በሦስተኛው ትተውታላችሁ።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ኒውዮርክ ይኖር የነበረው ጄሚ ሊቪንግስተን ነው። ከማርች 31 ቀን 1979 እስከ ኦክቶበር 25 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በቀን አንድ ፖላሮይድ (ወዲያው ታትሞ የሚወጣ ፎቶ) አነሳ። በካንሰር ታሞ ሆስፒታል ሲገባም አላቆመም። የመጨረሻዋ ፎቶ የሞተበት ቀን ናት። ከ6,000 በላይ ፎቶ ትቶ ነው ያለፈው። ብዙዎቹ ተራ ናቸው፤ ጓደኞቹ አሉ፣ ቤቱ አለ፣ ራሱ አለ። አንድ በአንድ ሲታዩ ብዙም አይሉም። በተርታ ሲደረደሩ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ናቸው።

ደንቡ ውስጥ "ፌስቡክ ላይ እለጥፋለሁ" የሚል ነገር አታስገቡ፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት። ብዙ ላይክ ያገኘችው ጀንበር ስትጠልቅ ያነሳችኋት ከሆነች፣ በሚቀጥለው ሳምንት አራት ጊዜ ጀንበር ታነሳላችሁ። ሳታውቁት ምርጫው ከእጃችሁ ይወጣል።

ቀኑ መቼ እንደሚያልቅም ወስኑ። ስልካችሁ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እኔ ግን እስክተኛ ያለውን እንደ አንድ ቀን እቆጥራለሁ። ከሠርግ ሌሊት 8 ሰዓት ስገባ በር ላይ ያነሳኋት ፎቶ የዚያው የሠርጉ ቀን ናት።

የሚጀመረው ደግሞ ዛሬ ነው። መስከረም 1ን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀጥለውን መስከረም 1ም ሲጠብቅ አይቻለሁ።

2. ከለመዳችሁት ነገር ጋር እሰሩት

"ሲመቸኝ አነሳለሁ" ያለ ሰው አያነሳም። ስለዚህ ፎቶውን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት፤ ዳቦ ልትገዙ ስትወጡ፣ ቡና ሲፈላ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ። ታክሲ ሰልፍ በተለይ ጥሩ ነው። ሥራ የላችሁም፣ የጠዋት ብርሃን ከጎን ይመጣል፣ ፊት ለፊታችሁ ከተማው ይነቃል።

ሁለት ማሰሪያ ይኑራችሁ፤ አንድ የጠዋት፣ አንድ የማታ። የጠዋቱ ካመለጠ የማታው ይይዛችኋል። እኔ ለማታ 2 ሰዓት አላርም ሞልቻለሁ፤ ስሙ "ዛሬስ?" ይላል። ሲጮህ ካላነሳሁ፣ ካለሁበት ሳልነሳ አንድ አነሳለሁ።

ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የማብሪያ ቁልፉን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ስትጫኑ ካሜራው ይከፈታል። የናንተ እንደዚያ መሆኑን አሁኑኑ ሞክሩ። ሌንሱንም በየጠዋቱ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ፎቶዬ ይደበዝዛል ብሎ ስልክ ሊቀይር ለሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ጨርቅ ይበቃዋል።

3. ሦስት ቋሚ ቦታ ምረጡ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ልትወስዱ ከሆነ ይህችን ውሰዱ። ሦስት ቦታ ምረጡ፤ አንዱ ቤት ውስጥ፣ አንዱ በየቀኑ የምታልፉበት መንገድ ላይ፣ አንዱ ራቅ ብሎ የሚታይ። በየቀኑ አዲስ ነገር መፈለግ ያደክማል። ሐሳብ ያጣችሁ ቀን ከሦስቱ ወደ አንዱ ትሄዳላችሁ፣ ታነሳላችሁ፣ በቃ።

የኔ ሦስቱ የማድቤት መስኮታችን፣ ፒያሳ አካባቢ የነበረ የአንድ ሱቅ ግድግዳ፣ እና ከመሥሪያ ቤቴ ደረጃ ላይ የሚታየው እንጦጦ ናቸው። እንጦጦ በክረምት ጠዋት በጭጋግ ጨርሶ ይጠፋል፤ ጥቅምት ላይ ዛፍ በዛፍ ይቆጠራል።

የሱቁን ግድግዳ የመረጥኩት ወደ ታክሲ ስሄድ ስለማልፈው ብቻ ነበር። አረንጓዴ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ሰማያዊ ይታያል። ከሰማያዊው ሥር ደግሞ ጭቃ። ላዩ ላይ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ሌላ ይለጠፋል። መስኮቱ ላይ ሙዝ በገመድ ይንጠለጠላል፤ ጠዋት ሙሉ ነው፣ ማታ ገመዱ ብቻ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች መፍረስ ሲጀምሩ ያ ሱቅም ፈረሰ። ቤት ገብቼ ብቆጥር የግድግዳው 41 ፎቶ አለኝ። ባለሱቁን በስልክ አግኝቼ ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ "የልጆቼ ቁመት የተሰመረበት ጎን አለ ወይ?" አለኝ። ነበር። በሩ አጠገብ፣ በእርሳስ፣ አምስት መስመር። እኔ ስንት ወር ሳነሳው አላየሁትም። አሳትሜ ሰጠሁት።

ቋሚ ቦታ ስታነሱ የቆማችሁበትን ነጥብ ያዙ። ከአንድ የመብራት ምሰሶ ወይም ከደረጃ ጠርዝ አጠገብ ሁኑ። ዙም አታድርጉ። ስልኩን በአንድ ከፍታ ያዙ፤ እኔ ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የማነሳው። ካሜራው ላይ የመስመር መረቡን አብሩና ግድግዳው ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ሁልጊዜ የታችኛው መስመር ላይ አሳርፉት። ዓመቱ ሲያልቅ ፎቶዎቹን በተከታታይ ስታገላብጡ፣ ቦታው ቆሞ ጊዜው ብቻ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ።

4. ብርሃኑን እወቁት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ለፎቶ ይሄ ትርጉም አለው። ፀሐይ ቀጥ ብላ ቶሎ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ቶሎ ትወርዳለች። ለስላሳው ብርሃን ብዙ አይቆይም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት እስክትጠልቅ ያለውን ያዙት።

ቀን ላይ ብርሃኑ ከአናት ይወርዳል፤ የሰው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይጠፋል። በዚያ ሰዓት ሰው ለማንሳት ጥላ ፈልጉ። በረንዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ፣ የሱቅ ደጃፍ ይሆናል። ጉሊት ላይ ካላችሁ የዣንጥላውን ቀለም ተመልከቱ። ቀይ ዣንጥላ ሥር የተቀመጠች ሴት ፊቷ ቀይ፣ ሰማያዊ ሥር ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል።

በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ አንድ ልዩ ነገር አለ። ፀሐይ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። የምሰሶ ጥላ ይጠፋል፤ የሰውም ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ሰማዩ ከጠራ ወጥታችሁ አንሱት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይደገማል፣ ግን ያኔ ደመናው አያሳይም።

ለቤት ፎቶ የሚጠቅመው ደግሞ ይሄ ነው፦ በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ወደ ሰሜን። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚከፈት መስኮት ታኅሣሥ ላይ ብርሃኑን ክፍሉ ውስጥ ድረስ ያስገባል፤ ሰኔ ላይ ፀሐዩ ጭራሽ አይገባበትም። የናንተ መስኮት ወዴት እንደሆነ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ክረምትን አትፍሩት። ደመና ፊትን የሚያለሰልስ ትልቅ ነጭ መጋረጃ ነው። እርጥብ አስፋልት የመኪና መብራቱን ያባዛዋል። ስልኩን ላስቲክ ውስጥ አድርጉና ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ ተዉለት።

5. ቤት ውስጥ፦ ቡናና ነጠላ

ቤት ካለው ነገር ሁሉ ለመለማመድ የሚሻለው ቡና ነው። ቀኑን ሳይጠብቅ ይመጣል፣ ጭስ አለው፣ እንፋሎት አለው፣ እጅ አለው።

አምፖሉን አጥፉ። የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲቀላቀሉ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። በሩን ወይም መስኮቱን ክፈቱ። እናንተ ብርሃኑ ከጭሱ ጀርባ በሰያፍ የሚመጣበት ቦታ ተቀመጡ፤ ቆማችሁ ሳይሆን በርጩማ ላይ፣ ከሚያፈላው ሰው እኩል። ከጭሱ ኋላ ጠቆር ያለ ነገር ይሁን። ነጭ ግድግዳ ላይ ጭስ አይታይም። አሁን ስክሪኑ ላይ ስኒውን በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ታች ጎትቱና ትንሽ አጨልሙት። ጀበናው ሲዘነበል ቡናው እንደ ክር ቀጥኖ የሚወርድበት ቅጽበት አለ። እሱን ጠብቁ።

የናቴን እጅ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት አላውቅም። ቀለበቷ ከጣቷ እየላላ መሄዱን ያስተዋልኩት ከፎቶው ነው፤ ሐኪም ቤት የወሰድኳትም ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ደህና ናት።

ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ስታነሱ ካሜራው ይሳሳታል። ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊት ይጠቁራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፊቱን ነክታችሁ ቆልፉ። ነጠላው ከልክ በላይ ከነጣ ትንሽ ቀንሱት፣ ጥበቡ እስኪታይ ድረስ።

መብራት ሲጠፋም የዕለቱ ፎቶ አለቀ ማለት አይደለም። የሌላ ስልክ ባትሪ ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አብሩ እንጂ ወደ ሰው ፊት አታብሩ። ስልካችሁን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፉና የ3 ሰከንድ ቆጣሪውን ተጠቀሙ፤ እንዳይንቀጠቀጥ።

6. መንገድ ላይ ሰው ሲኖር

ሰው ፊቱ የሚለይበት ፎቶ ከሆነ ጠይቁ። "እማማ፣ ላንሳዎት?" "ወንድሜ፣ ሥራህን እየሠራህ ላንሳህ?" ማለት ሁለት ሰከንድ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ "ለምንድነው?" ይላል። እውነቱን ንገሩት፦ "በየቀኑ አንድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ለራሴ የማስቀምጠው ነው።" እምቢ ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። እሺ ካለ አብዛኛው ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፊቱን ይኮሳትራል። ያንንም አንሱለት፣ አሳዩት። ሁለተኛዋ ዘና ያለችዋ ከዚያ በኋላ ነው የምትመጣው።

እልክልሃለሁ ካላችሁ ላኩ። አንድ ሊስትሮ ፎቶውን በቴሌግራም የላክሁለት ጊዜ ለቤተሰቡ ገጠር አሳለፈው። ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ እሱ ነው "የዛሬውን አነሳህ?" የሚለኝ።

መንገድ ዳር የወደቀ፣ የታመመ፣ የሚለምን ሰው አታንሱ። እምቢ ለማለት አቅም የሌለው ሰው እሺ ቢልም ፈቃድ አይባልም። ልጆችን ወላጅ ሳይፈቅድ ተዉ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ግቢ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወታደር፣ ፖሊስ፣ ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ ጥበቃ ያለበት ግንብ ወዳለበት ስልክ አታቅኑ። ጥበቃ ካስቆማችሁ አትከራከሩ፤ ምን እንዳነሳችሁ አሳዩ፣ አጥፋ ካለ አጥፉ።

7. ማታ 5 ደቂቃ

ማንሳቱ ግማሽ ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የዕለቱን አንድ ምረጡ፤ ሌላውን በሙሉ አጥፉ ወይም ከፕሮጀክቱ ውጪ አድርጉ። አሥር አሥር ፎቶ ያጠራቀመ ሰው በወሩ መጨረሻ 300 ፎቶ ፊቱ ይከመራል፣ ያኔ መምረጥ ሥቃይ ይሆናል።

ፋይሉን በቀኑ ሰይሙት፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በቅደም ተከተል። 2017-02-09 ማለት ጥቅምት 9 ነው። እንዲህ ሲሆን ፎልደሩ ውስጥ ራሱ ይደረደራል። ስልኩ ፎቶው ላይ የሚመዘግበው በፈረንጆቹ ቀን ስለሆነ ሁለቱን አታምታቱ።

ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፉ። ስሜት ሳይሆን ነገር ጻፉ፦ "ጥቅምት 9። ጉሊት። ቲማቲም በኪሎ 50 ብር። ዝናብ ይዞን ሸራ ሥር ቆምን።" "ደስ የሚል ቀን ነበር" የሚለው ከሁለት ዓመት በኋላ ምንም አይነግራችሁም፤ የቲማቲሙ ዋጋ ግን ሁሉንም ያስታውሳችኋል።

በየሳምንቱ እሑድ ባክአፕ አድርጉ። 2014 መጋቢት ላይ ታክሲ ውስጥ ስልኬ ተሰረቀ። ፍላሽ ላይ የገለበጥኩት እስከ ኅዳር ያለውን ብቻ ነበር፤ አራት ወር ሄደ። የስልኩ ዋጋ ከረሳሁት ቆይቷል። የጥምቀቱ ሳምንት ግን ዛሬም ያንገበግበኛል፤ አክስቴ ለመጨረሻ ጊዜ ከኛ ጋር የወጣችበት ነበር። በቀን አንድ ፎቶ፣ አንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ ዓመቱ ሙሉ 1.5 ጊጋባይት ገደማ ነው። ትንሹ ፍላሽ ይይዘዋል። ሌላ ኮፒ ቴሌግራም ላይ በራሳችሁ "የተቀመጡ መልእክቶች" ወይም በግል ቻናል አኑሩ፤ ግን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል።

8. ሲከብድ

ይከብዳል። ለኔ ሁልጊዜ ሐምሌ ላይ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጨለማ። ያኔ ለአንድ ሳምንት ትንሽ ሥራ ለራሴ እሰጣለሁ። ሰባት ቀን ቢጫ ነገር ብቻ፤ ጄሪካን፣ የዝናብ ካፖርት፣ በቆሎ። ወይም ሰባት ቀን ጫማ። ወይም ሰባት ቀን ተቀምጬ ብቻ። ጠበብ ሲል ዓይን ይነቃል።

የቀን መቁጠሪያውም ይረዳል። የመስከረም 16 ደመራ፣ የጥር 10 ከተራ፣ የነሐሴ የቡሄ ችቦ፣ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም የሚለው የረመዳን አፍጥር። እኔ በተለይ የምወደው ኅዳር 12ን ነው። ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ ቆሻሻው ይቃጠላል፤ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ትቶልን የሄደው ልማድ ነው። ጠዋት በጭሱ ውስጥ የሚገባው ብርሃን በሌላ ቀን አይገኝም። አስም ያለባችሁ ግን ከመስኮት አንሱት።

አንድ ቀን ካመለጣችሁ በትናንት ፎቶ አትሙሉት። ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፉና "የለም" በሉ። እኔ የአባቴ ሐዘን ላይ አሥራ አንድ ቀን "የለም" አለኝ። እነዚያም የዚያ ዓመት አካል ናቸው። በ12ኛው ቀን የድንኳኑ ገመድ የታሰረበትን ዛፍ አነሳሁ፤ ከዚያ ቀጠለ።

9. ጳጉሜን ለመምረጫ

ጳጉሜን ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ወር ናት። አምስት ቀን አላችሁ፤ በ2019 ደግሞ ስድስት ትሆናለች። የዓመቱን ፎቶ በሙሉ አንድ ጊዜ እዩት። ከዚያ ከየወሩ አንድ፣ ከጳጉሜንም አንድ፣ ጠቅላላ 13 ምረጡ። ብቻችሁን አትምረጡ። እኔ ለእናቴና ለእህቴ ልጅ ነው የምሰጣቸው። እኔ የምኮራባቸውን አይመርጡም። እናቴ ሰው ያለበትን ትመርጣለች፣ ልጁ ውሻ ያለበትን።

13ቱን በ10 በ15 ሴንቲሜትር አሳትሙ። ፎቶ ቤት ስትሄዱ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩ። የስልክ ፎቶ ከወረቀቱ ይልቅ ወደ ካሬ የቀረበ ስለሆነ፣ ማሽኑ ከላይና ከታች ይቆርጠዋል። "ሳትቆርጡ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ጠርዝ ይቅር" በሏቸው። ከጀርባው ቀኑንና ያችን የደብተር መስመር በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ፎቶውን ሊያበላሸው ይችላል። የኛዎቹ በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ቡፌው ላይ። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ከአልበሙ በፊት እሱን ታወርዳለች።